አባዬን ወንበር ይዛ ለተከተለችው ልጅ

ባለፈው እሁድ አባዬ ከቤታችን እስከ ሚካኤል በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ አረፈ። ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። እማዬ ግን በር ላይ ቆማ እልል አለች። ጎረቤቶቻችን ምን ተገኘ ብለው ወጡ።

ስለዚህ ዛሬ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላመሰግን ነው። የምትሠራው እዚሁ ድሬ ነው። ስሟን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃት «ተይው አቦ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ አላወጣውም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የት እንደምትገኝ እነግራችኋለሁ። ወገቡን ወይ እግሩን የሚያመው አባት፣ እናት፣ አጎት፣ አክስት ያላችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ እባካችሁ ሳታቋርጡ አንብቡት። እኛ ሁለት ዓመት የተንከራተትነው ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው።

አባዬ 71 ዓመቱ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ተወልዶ ያደገው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ለሥራ ወደ ድሬ ወረደና በዚያው ቀረ። 31 ዓመት የባቡር ብረት ሲያነሳ ኖረ። ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ያቺ ብስክሌት እጁ ላይ ነች። ያጸዳታል፣ ዘይት ይቀባታል፣ ቀፊራ ገበያ ይሄድባታል።

ሕመሙ ሲጀምረው ወገቤን ነው ያለው። ቀስ እያለ ወደ ታፋው ወረደ። ከዚያ ወደ ሁለቱም እግሮቹ። «ሲሚንቶ የሞሉብኝ ይመስለኛል» ይላል። አንዳንዴ ይደነዝዘዋል፣ አንዳንዴ ይወረዋል። ቆሞ ወረፋ መጠበቅ አቃተው። ቅዳሴ ቆሞ መጨረስ አቃተው። አራት አምስት ደቂቃ ከሄደ በኋላ ያገኘው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ሲቀመጥ ደግሞ ሁሉም ይተወዋል። ተነስቶ እንደ ጤነኛ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ያው ነው።

ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ምንም አይለውም። ከዚህ እስከ ሳቢያን ነድቶ ይመለሳል።

ይህ ነገር ብዙ አስወራበት። ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንዴት መሄድ ያቅተዋል? ዘመድ ተናገረ፣ የሰፈር ሰው ተናገረ። «መሄድ ሰልችቶት ነው» ተባለ። እኔም አንድ ቀን ተናግሬዋለሁ። አባዬ ምንም አልመለሰልኝም፣ ዝም ብሎ አየኝ። ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ክስ ላይ አይደለሁም። ግን የሆነውን መናገር አለብኝ።

አንዱ ቦታ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «የዕድሜ ነው፣ አጥንቱ አልቋል» አለን። ከወንበሩ አልተነሳም። አባዬ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ወረፋ የጠበቅነው ግማሽ ቀን ነበር፣ ውስጥ የቆየነው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሌላው ቦታ መርፌ አዘዘ። በየቀኑ የማስታገሻ መርፌ። ሲያልቅ በክኒን ቀጠለ። እስከ መቼ እንደሚወስደው የነገረን የለም። ጨጓራ ያምሃል ወይ፣ ደም ግፊት አለብህ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። አባዬ ደግሞ ግፊት አለበት። ሕመሙ ጋብ ስላለለት እኛም ደስ ብሎን ክኒኑን እየገዛን ቀጠልን። አንድ ጠዋት ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ጨጓራው እየደማ ነበር። አራት ቀን ተኛ። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ሊያደሙ፣ ግፊት ሊጨምሩ፣ ኩላሊትም ሊጎዱ እንደሚችሉ የሰማነው ያኔ ነው፣ አልጋ ላይ ሆነን። እባካችሁ፣ ሽማግሌ ወላጅ ያላችሁ፣ የማስታገሻ ክኒን እንደ ከረሜላ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትስጡ።

ከዚያ ወጌሻ ጋ ሄድን። ተስፋ የቆረጠ ሰው የማይሞክረው የለም። ጉልበቱን አባዬ ወገብ ላይ አድርጎ ጠመዘዘው። አባዬ ያን ጊዜ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለት ሳምንት ሽንት ቤት በእኛ ድጋፍ ሄደ።

ከሁሉም የከፋው ግን የመጨረሻው ነው። «ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ሽባ ይሆናል» አለን። አባዬን አልነካውም። እግሩን አንሳ አላለውም። ዋጋውን ግን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ያን ሌሊት እማዬ የሰርጓን ወርቅ ከሳጥን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። አባዬ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ይህን ሁሉ የለወጠው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። እሱንም እግዜር ይስጠው። አባዬ ከባጃጁ ሲወርድ ብረቱን ተደግፎ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ልጁ ዞሮ አየውና «እናቴም ልክ እንዲህ ነበር የምትሆነው። አንድ ልጅ አለች፣ እሷ ጋ ውሰዷቸው» አለኝ። ስልኳን እዚያው ሰጠኝ። የጉዞ ሂሳብም አልቀበልም አለ።

በማግስቱ ሄድን። የወረቀት ከረጢታችንን ይዤ ገባሁ፣ ራጁን፣ የደም ምርመራውን፣ ማዘዣዎቹን ሁሉ። እሷ ተቀብላ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። «ወረቀቱን በኋላ አየዋለሁ። መጀመሪያ አባባ ራሳቸው ይንገሩኝ» አለች።

አባዬ መናገር ጀመረ። ከባቡሩ ሥራ ነው የጀመረው። እኔ አፈርኩ፣ አባዬ አሳጥረው ልለው ነበር። እሷ በእጇ ተይው አለችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ጥያቄዋ መጣ። «ቆመው ይብስብዎታል ወይስ ተቀምጠው?» ቆሜ አላት። «ዳገት ይቀልዎታል ወይስ ቁልቁለት?» አባዬ ትንሽ አሰበና «የሚገርመው ዳገት ይቀለኛል» አለ። እኛ ቤት ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ማንም አልጠየቀውማ።

«ብስክሌት ነድተው ያውቃሉ?» አለችው።

አባዬ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብስክሌት ላይ ምንም አይለኝም ልጄ። ግን የሚያምነኝ የለም» አላት።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለችው። «እንዲያውም እንዲህ ካልነገሩኝ ነበር የምጠራጠረው። በሽታው ራሱ እንዲህ ነው ጠባዩ።»

አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ ሲሞቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረገችውን ነው ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው። «እስቲ አብረን እንሂድ፣ የት ላይ እንደሚይዝዎት ልየው» አለች። ተነስታ የፕላስቲክ ወንበር አንስታ ወጣች። ከሰዓት ነው፣ የድሬ ፀሐይ ታውቁታላችሁ። በዛፎቹ ጥላ ሥር አባዬ ከፊት ይሄዳል፣ እሷ ወንበሩን ይዛ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። ልቀበልሽ ብላት እምቢ አለች። አራት ደቂቃ ሲሆን አባዬ እግሮቹ ከዱት። ዞሮ ድንጋይ ሊፈልግ ሲል ወንበሩ ከኋላው ነበር። ተቀመጠ። እሷ መንገዱ ላይ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችለትና የእግሩን ደም ሥር በጣቷ ፈለገች። በሁለቱም እግሮቹ አገኘችው። የደም ቧንቧ ሲጠብም ሰው እየሄደ እግሩን ያመዋልና ያንን ለመለየት ነው አለችኝ። የደም ቧንቧ ችግር ያለበት ሰው ዝም ብሎ ቢቆምም ይለቀዋል። የነርቭ ከሆነ ግን መቀመጥ ወይ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ አባዬ ተነሳ። እንደገና ሄዱ። እንደገና ወንበሩ ከኋላው ነበር። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አባዬ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከወንበር ተነስቶ ያየ ሰው አልነበረም። እሷ አየችው። ወንበር ተሸክማ አየችው።

ስንመለስ አልጋው ላይ በደረቱ አስተኝታ ጀርባውን መረመረችው። ጀርባውን ሳየው ሐምሌ 1998 ትዝ አለኝ። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት የሞላ ጊዜ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አባዬ በዚያ ጨለማ የጎረቤት ልጆችን እየተመላለሰ በጀርባው ተሸክሞ ከፍ ያለ ቦታ ያደርስ ነበር። እኔንም ያወጣኝ በዚያው ጀርባ ነው። ከዚያ ሌሊት የተረፍን ስንቶቻችን ነን ይህን የምናነብ።

ምን እንደሆነም በሚገባን ቋንቋ አስረዳችን። አባዬ የጀጎል ልጅ እንደሆነ ሰምታለች። «አባባ፣ ያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው የጀጎል ቀጭን መንገድ ላይ፣ እንጨት የጫነች አህያ ብትመጣብዎት ምን ያደርጋሉ?» አለችው። «ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ» አላት። «የእርስዎም ነርቮች እንደዚያ ነው የተለጠፉት» አለችው። አከርካሪያችን ውስጥ ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገባል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ይወጣል፣ አጥንቱ በጎን ይበቅላል፣ ጅማቱ ይወፍራል። መንገዱ ይጠባል፣ ነርቩ ይጨመቃል። ሲቆሙና ወደ ኋላ ቀና ሲሉ ይበልጥ ይጠባል። ሲቀመጡና ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ይሰፋል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚነዳው። ዳገት የሚወጣም ወደ ፊት ያዘነብላል። ቁልቁለት የሚወርድ ደግሞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የሁለት ዓመቱ እንቆቅልሽ ይኸው ነበር።

ታች ወገብ ላይ ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው እንደሚወርዱም ነገረችን። ሐኪሞቹም የፈረስ ጭራ ነው የሚሉት አለች። ከዚያ በኋላ ስለ አራተኛና አምስተኛ አጥንት የተናገረችው አልገባኝም። አባዬ ግን ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር፣ እሱ ማሽን ያውቃል።

በራሷ ብቻ አልተመካችም። ደብዳቤ ጽፋ ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችን። ኤምአርአይ የሚሉትን የውስጥ ፎቶ ለማስነሳት በባቡር አዲስ አበባ ሄድን። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ባቡር ሲሳፈር የመጀመሪያው ነበር። ሙሉ መንገዱን በመስኮት ሲያይ ሄደ። ውጤቱ እሷ ያለችውን ነበር ያሳየው። ሐኪሙም ጥሩ ሰው ነበር። እግሩ ኃይል ስላላጣ፣ ሽንቱንም ስለሚቆጣጠር ኦፕራሲዮን አያስቸኩልም፣ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ሞክሩ አለን። በፎቶ ላይ ጥበቱ ኖሮባቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ የምናክመው ሰውየውን እንጂ ፎቶውን አይደለም አለ። እማዬ ይህን በስልክ ስነግራት ወርቋን ሳጥን ውስጥ መለሰች።

ኦፕራሲዮን አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ልጅቷም እንዲህ ብላ አታውቅም። የሰፈራችን አንድ ሰው የእግሩ ጫማ እየተጎተተ መጣላት። አንድ ቀን አላቆየችውም፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ሰደደችው። ተሠራለት፣ አሁን ደህና ነው። እኛንም ቃል በቃል አስጠንታናለች። ሽንት እምቢ ካለ ወይ ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር በድንገት ኃይል ካጣ፣ «እኔ ጋ እንዳትመጡ፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ» ብላናለች። እማዬን መልሰሽ ንገሪኝ ብላ አስደግማታለች። እናንተም ያዙት።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው የሚመስለው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ አለ። ሆድን ማጠንከር አለ። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት አለ። ይህንን ስታሳየው «እኔ በሱጁድ እንደማደርገው» አለችው። አባዬም «እኛም በሁዳዴ እንሰግዳለን» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን እንቅስቃሴ ስግደት ነው የሚላት። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ሳይሰግድ አይተኛም።

ከዘራ ያዝ ብንለው ግን ሞተን ነው እምቢ ያለው። ገና ነኝ ይላል። እሷ አላስገደደችውም። «ብስክሌቷን ይዘው ይሂዱ» አለችው። «አይንዷት፣ ይግፏት።» እጀታውን ይዞ ሲገፋ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ወገቡም ይከፈታል። ሲደክመው ይደገፋታል። ሲብስበት ወጥቶ ነድቶ ወደ ቤት ይመለሳል። መንገድ ላይ ያየው ሰው ጎማው ተንፍሶበት የሚገፋ ነው የሚመስለው። የታመመ አይመስልም። አባዬ ለዚህ ያለው ደስታ ከሕመሙ መቀነስ አይተናነስም። እሷ ይህን ያወቀችው እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ምን እንደሚያሳፍረው ማሰብ ትምህርት ቤት የሚማሩት አይመስለኝም።

ሦስት ወር ሆነን። አራት ደቂቃ የነበረው አሁን ሃያ ደቂቃ ደርሷል። ሕመሙ ጠፋ አልልም። ጥበቱ እንዳለ ነው፣ መንገዱን የሚያሰፋ ክኒን እንደሌለ ራሷ ነግራናለች። ሙቀት ሲበዛና ሲደክመው ይብስበታል። ግን ወደ ቤቱ ሰው መምጣት ጀመረ፣ እሱም ወደ ሰው መሄድ ጀመረ። ከሐረር ዘመድ ሲመጣ ጓዳ አይደበቅም።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁኝ፣ ለጨጓራው ብቻ ያወጣነው ለእሷ በሦስት ወር ከከፈልነው ይበልጣል። አንድ ጊዜ ወር መጨረሻ ላይ አጥሮን ቀጠሮ ልንሰርዝ ስንል ደውላ «አብሽሩ፣ አባባ ይምጡ፣ ሲኖራችሁ ትሰጡኛላችሁ» አለችን። ከፍለን ጨርሰናል። ያቺን ስልክ ግን በምን እንደምንከፍላት አላውቅም።

እባካችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ስሄድ ያመኛል፣ ስቀመጥ ይተወኛል» የሚል ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ፣ ሰነፈ አትበሉት። እርጅና ነው ብላችሁም አትተዉት። ውሰዱት። እሷን ካላገኛችሁም ቆሞ የሚሰማችሁን፣ ጫማ አስወልቆ የሚያየውን ባለሙያ ፈልጉ። እኛ ግን እሷን ነው የምንመክረው፣ ደግመን ደጋግመን።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። አባዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «አላወቅሽማ» አለኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም።

አባዬ ጎልማሳ እያለ ከድሬ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚወጣ ሰው ነበር። ዘንድሮ ልሂድ ብሎ ልጅቷን ጠየቃት። በእግር አይሆንም አለችው፣ በመኪና ሄደው ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግርዎ ይግቡ። ተስማሙ። ታኅሣሥ 19 እንሄዳለን። የፕላስቲክ ወንበር ገዝተናል፣ ከኋላው የምይዘው እኔ ነኝ።